የስልክ ሽቦ ሲቆረጥ የሌባ ደወል ማንን ይጠራል?

በእንግሊዝ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለው የመዳብ ሽቦ ስልክ ሥራውን የሚያቆምበት ቀን ተወስኗል። ወሬውን የሰማ ብዙ ሰው «ዛሬ ማን በቤት ስልክ ይነጋገራል?» ብሎ ያልፈዋል። እኛም ያረጀ ስልክ ተነሣ ብለን ሙሾ የምናወርድ አይደለንም። ነገር ግን ይህ ሽቦ ተሸክሞ የኖረው የሰው ወሬ ብቻ አልነበረም። ሌሊት ሱቅ የሚጠብቀው የሌባ ደወል፥ የእሳት ማስጠንቀቂያው፥ በአሳንሰር ውስጥ ተይዞ የቀረ ሰው ርዳታ የሚጠራበት ስልክ፥ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ጥሪ አዝራር፥ እነዚህ ሁሉ ድምፃቸውን ሲያሰሙ የኖሩት በዚሁ ሽቦ ነው። እንግዲህ ሽቦው ሲቆረጥ ደወሉ ማንን ይጠራል?

የሚገርመው ነገር ደወሉ ከስልኩ በዕድሜ መብለጡ ነው። ኤድዊን ሆምስ የተባለ አሜሪካዊ በቦስተን ከተማ የኤሌክትሪክ የሌባ ደወል ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1858 ዓ.ም. ሲሆን፥ ግራሃም ቤል በስልክ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘው ከ18 ዓመት በኋላ በ1876 ነው። በ1877 በዚያው በቦስተን ከመጀመሪያዎቹ የስልክ ማዞሪያዎች አንዱ ሲሞከር የተቀጠለው በሆምስ ድርጅት የደወል ሽቦዎች ላይ ነበር። ስልክ በደወል ሽቦ ተጀመረ፤ በኋላ ግን ደወል የስልክ ጥገኛ ሆኖ ቀረ።

ጥገኝነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። መስኮት ሲሰበር ወይም በር ሲከፈት በቤቱ ውስጥ ያለው የደወል ሣጥን ራሱ ቁጥር ደውሎ፥ ለመቆጣጠሪያ ጣቢያ በአጫጭር ድምፆች መልእክት ይልካል። በጣቢያው ያለው ተረኛ መልእክቱን አይቶ ባለቤቱን ወይም ፖሊስን ይጠራል። የስልኩ ሽቦ ደግሞ ኃይሉን የሚያገኘው ከቤቱ ቆጣሪ ሳይሆን ከስልክ ማዞሪያው ነው፤ ማዞሪያው የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር ስላለው ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልም እንኳ ስልኩ ይሠራል። ሌባ ጨለማን የሚወድ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አዲሱ ስልክ ድምፅን ከፋፍሎ በኢንተርኔት መንገድ የሚልክ ነው። የሚያልፈው ራውተር በሚባለው መሣሪያ በኩል ሲሆን፥ ራውተሩ የሚኖረው በቤቱ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል፤ ራውተሩ ሲጠፋ ስልኩ ይሞታል። በደወሉ ሣጥን ውስጥ ግን ባትሪ አለ። ስለዚህ ደወሉ ሌባውን ያያል፥ ይጮኻል፥ ቁጥሩንም ለመደወል ይሞክራል፤ የሚሰማው ግን የለም። ዘበኛውን ነቅቶ እንዲያድር ቀጥሮ አፉን በጨርቅ እንደ ማሰር ያለ ነው። ከዚህም ሌላ፥ መብራት ሳይጠፋ እንኳ፥ ለአሮጌው ሽቦ ተብለው የተሠሩት የመልእክት ድምፆች በአዲሱ መንገድ ሲያልፉ ተበላሽተው የሚደርሱበት ጊዜ አለ።

የእንግሊዞቹ ታሪክ የሚያስተምረን እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሽቦው በዲሴምበር 2025 እንዲዘጋ ታቀደ። በ2018 ኦፍኮም የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ የመስመር ስልክ ብቻ ያላቸው ሰዎች መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር ለመደወል የሚያስችላቸው ነገር እንዲሰጣቸው መመሪያ አወጣ። በኖቬምበር 2021 አርዌን የተባለው ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ቤቶች መብራት አጠፋ፤ አንዳንዶቹም ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆዩ። አንድ ሰዓትና አንድ ሳምንት! መመሪያውን የጻፉት ሰዎች የአገራቸውን ክረምት አያውቁም ለማለት ያስደፍራል። በማርች 2022 ትልቁ የስልክ ድርጅት ደንበኞቹን ወደ አዲሱ መስመር ማዛወሩን ለጊዜው አቆመ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ፥ አረጋውያን የጥሪ አዝራራቸውን ተጭነው ጥሪው ሳይደርስ የቀረባቸው ከባድ አጋጣሚዎች ከታወቁ በኋላ፥ ድርጅቶቹ ማንንም በግድ ላለማዛወር ከመንግሥት ጋር ቃል ገቡ። በሜይ 2024 የመዝጊያው ቀን ወደ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ተላለፈ።

የጥሪ አዝራር ያላቸው ሰዎች በዚያች አገር 1.8 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። እነማን እንደሆኑ ግን የስልክ ድርጅቱ አያውቅም ነበር፤ ለእርሱ ሁሉም ባለ ቁጥር ደንበኛ ነው። አዝራሩን የሰጠው የአካባቢ ምክር ቤት ስማቸውን ያውቃል፥ ስልካቸው መቼ እንደሚዛወር ግን አያውቅም። አሮጊቷ ደግሞ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ደብዳቤው ግን ስለ ኢንተርኔት እንጂ በአንገታቸው ላይ ስላለው ነገር የሚናገር አልመሰላቸውም። ሦስቱም በየበኩላቸው ሥራቸውን ሠርተናል ሊሉ ይችላሉ፤ አደጋው የገባው በመካከላቸው ነው።

አሮጌው መንገድ የተሻለ ነበር እያልን እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን ይረዱልን። ሌባው ከግድግዳ ውጪ ያለውን ሽቦ በመቀስ ቆርጦ ሊገባ ይችል ነበር፤ ጣቢያውም መስመሩ መሞቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ደወሉ በየቀኑ የሚልከው የሙከራ ጥሪ ሲቀር ነበር። ዛሬ በፋይበርና በሲም ካርድ፥ በሁለት መንገድ፥ የሚገናኝ ደወል አለ፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ይናገራል፤ ሁለቱም ዝም ቢሉ ጣቢያው በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃል። መለወጡ ተገቢ ነው።

ሲለወጥ ግን ዐይን ገልጦ መሆን አለበት። በአሜሪካ ብዙዎች ደወላቸውን ከመዳብ ሽቦ አውጥተው 3ጂ በሚባለው የሞባይል መስመር ላይ አደረጉ። በፌብሩዋሪ 2022 ኤቲ ኤንድ ቲ የ3ጂ መስመሩን ዘጋው፤ ባለቤቶቹም ለሁለተኛ ጊዜ ከኪሳቸው አወጡ። በብሪታንያም የ2ጂ መስመር እስከ 2033 ድረስ እንዲዘጋ ተወስኗል፤ ስለዚህ በርካሽ የ2ጂ ሲም ደወል የሚሸጥ ነጋዴ ካለ፥ ዕድሜው የታወቀ ዕቃ እየሸጠ ነው። በለንደንና በዋሽንግተን ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችንም ይህን ቢያጣሩ ይጠቅማቸዋል፤ የኢንሹራንስ ውላቸው ደወሉ ከጣቢያ ጋር የተገናኘ ይሁን የሚል ከሆነ፥ ዲዳ የሆነ ደወል ይዘው ካሳ ቢጠይቁ ክርክር ይገጥማቸዋል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ሽቦውን የሚያነሣው ድርጅት ከጥገና ወጪ ይገላገላል፤ ደወሉን የሚለውጠው ግን ባለቤቱ ወይም ምክር ቤቱ ነው። ጥቅሙ ወደ አንዱ፥ ወጪው ወደ ሌላው ከሄደ ዘንድ፥ በሽቦው ላይ ምን እንደተንጠለጠለ ፈልጎ የማግኘቱ ግዴታ በአንሺው ላይ ሊወድቅ ይገባል። «አሳውቀናል» የሚል ደብዳቤ ግዴታን አያወርድም። ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አሮጌ አገልግሎት እንዲዘጋ ፊርማቸውን የሚያኖሩ አሉ፤ ከመፈረማቸው በፊት መዝገቡን አስቀርበው ተጠቃሚው ማን እንደሆነ፥ በምን እንደሚጠቀም በስም ማስቆጠር ይችላሉ። ቀኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚራዘም ቆጠራው አስቀድሞ ቢደረግ በዋጋም ይረክሳል።

ሥራው መፈጸሙን ማወቅም ከባድ አይደለም። አዲሱን መስመር ያስገባው ሠራተኛ ከቤቱ ሳይወጣ የመብራቱን ማብሪያ ያጥፋ፤ ራውተሩ ሲጨልም አሮጊቷ አዝራራቸውን ይጫኑ፥ ባለ ሱቁም በሩን ከፍቶ ደወሉን ያስጩኸው። ከጣቢያው «ደርሶናል» የሚል መልስ እስኪመጣ ድረስ ሠራተኛው የዕቃ ሣጥኑን ባይዘጋ መልካም ነው።