ለሄፓታይተስ ቢ «ፈውስ ተገኘ»? እስቲ ረጋ ብለን እንየው

«ለጉበት ቫይረስ ፈውስ ተገኘ» የሚል ፖስት በየጊዜው ሲዘዋወር እናያለን። ነገሩ እንዲህ ነው።

ቲ ሴል በቫይረስ የተያዘን ሴል ፈልጎ የሚገድል የሰውነታችን ወታደር ነው። ቫይረሱ ለዓመታት ሲቆይ ግን ወታደሩ ይደክማል፤ ጠላቱን እያየ ዝም ይላል። ተመራማሪዎች የሚሞክሩት የደከመውን በመድኃኒት ማንቃት፣ ወይም ከታማሚው ደም ቲ ሴል ወስደው ቫይረሱን እንዲለይ ላብራቶሪ ውስጥ አስተካክለው መመለስ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች ሰርቷል። ለሄፓታይተስ ቢ ገና ሙከራ ላይ ነው፤ በቫይረሱ የተያዙ የጉበት ሴሎች ሲገደሉ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል። ዋጋውስ? አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ለደም ካንሰር የፈቀደችው ኪምራያ ለአንድ ታካሚ 475 ሺህ ዶላር ተተምኖ ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት 254 ሚሊዮን ሰው ይዞ ነበር፤ አብዛኛው እስያና አፍሪካ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን «ይሰራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ለማን ይደርሳል?» ነው። እስከዚያው በእጃችን ያለው ምርመራ፣ ክትባትና እንደ ቴኖፎቪር ያለ መድኃኒት ነው። ቫይረሱን ያፍነዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ግን ጉበትን አደጋ ላይ ይጥላል። ፖስት አይታችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ።