ፈጣን ፍለጋ ከፊደል ይጀምራል

መረጃ ፍለጋ በዘገየ ቁጥር ብዙዎቻችን መፍትሔ የሚመስለን አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን አስቀድመው መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ መረጃው እንዴት ተደርድሯል? የሚፈለገው ስምስ አንድ ወጥ አጻጻፍ አለው?

ከመጀመሪያው እንነሣ። 1,000,000 ስሞች ያለ ሥርዓት የሰፈሩበት ዝርዝር ቢኖረን ከላይ ጀምሮ ተራ በተራ ማየት ግድ ይሆናል፤ ይህም በአማካይ 500,000 ያህል ንጽጽር ይጠይቃል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከተደረደረ ግን መዝገበ ቃላት እንደምንገልጥ መካከሉን አይተን የማያስፈልገውን ግማሽ እንተዋለን፤ የቀረውንም እንደገና ለሁለት እንከፍላለን። በዚህ «ሁለትዮሽ ፍለጋ» 20 ንጽጽር ይበቃል። «ሀሺንግ» የሚባለው ስልት ደግሞ ስሙን በስሌት ወደ ቁጥር ለውጦ የተቀመጠበትን ቦታ በቀጥታ ይጠቁማል፤ ይሁን እንጂ ተራን ስለማይጠብቅ «ከሀ እስከ መ ያሉትን አውጣ» ለሚል ጥያቄ አይመችም። አንድ ጊዜ ብቻ ለምንፈልግበት ዝርዝር ግን መደርደሩ ራሱ ከፍለጋው የበለጠ ድካም ስለሆነ ተራ በተራ ማየቱ ይመረጣል።

ሁለቱ ፈጣን ስልቶች ግን የሚፈለገው ስም በመዝገቡ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው ብለው ይነሣሉ። በካፋ ዞን የምትገኘውን ሺሺንዳን እንውሰድ። ስሟ «ሺሺንዳ» ወይም «ሽሽንዳ» ተብሎ ይጻፋል፤ የዞኑም ስም አንድ ጊዜ «ካፋ»፣ ሌላ ጊዜ «ከፋ» ነው። ለአንባቢ ልዩነቱ ኢምንት ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ግን የ«ሺ» ቁጥር 4666፣ የ«ሽ» ደግሞ 4669 ሲሆን፣ በመካከላቸው «ሻ» እና «ሼ» አሉ። በመሆኑም በተደረደረ የከተሞች ዝርዝር ሻሸመኔና ሻኪሶ በሁለቱ አጻጻፎች መካከል ይገባሉ። በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበውን በሌላው የሚፈልግ ፕሮግራም በቅጽበት «የለም» ብሎ ይመልሳል።

ይህ «የለም» የሚለው መልስ ቀላል አይደለም። የተፈለገው የሕመምተኛ ካርድ ቢሆን አዲስ ካርድ ይከፈታል፤ የቀድሞው የሕክምና ታሪክም ተለይቶ ይቀራል። የቡና አምራች የመሬት መዝገብ ቢሆን ባለመብቱ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል።

መፍትሔው በፊደል ገበታችን ውስጥ አለ። በዩኒኮድ የፊደል ቤቶች ስምንት ስምንት ቦታ ይዘው ስለተቀመጡ የአንድን ፊደል ቁጥር ለ8 ስናካፍል ቀሪው የፊደሉን ድምፅ ይነግረናል። ቀሪው ለ«ሺ» 2 ነው፣ ሣልስ፤ ለ«ሽ» 5 ነው፣ ሳድስ። ቀሪውን ብንቀንስ ሁለቱም «ሸ» ይሆናሉ። ስለዚህ ትክክለኛው አጻጻፍ ሳይነካ ከጎኑ ሁሉም በግዕዝ የተጻፈበት የፍለጋ ቁልፍ ይቀመጥ፤ ሺሺንዳም ሽሽንዳም «ሸሸነደ»፣ ካፋም ከፋም «ከፈ» ይሆናሉ። «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ይጠቃለሉ። እርግጥ በዚህ ቁልፍ «አበበ» እና «አበባ» ይቀላቀላሉ፤ በመሆኑም ፕሮግራሙ ተመሳሳዮቹን ሁሉ ያቅርብ፤ የአባትን ስም አይቶ የሚለየው መዝጋቢው ይሁን።

«ለሁሉም መለያ ቁጥር ከተሰጠ ችግሩ ያበቃል» የሚሉ ይኖራሉ። የፋይዳ ቁጥር በእርግጥ ይረዳል። ሆኖም ነባር መዛግብት የያዙት ስምን ነው፤ ቁጥሩን ያልያዘ ባለጉዳይም የሚናገረው ስሙን ነው። ስለሆነም ተማሪዎቻችን ሁለትዮሽ ፍለጋን በቁጥሮች ብቻ ሳይሆን በአገራችን ስሞች ጭምር ሊለማመዱት ይገባል።