«ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ይቅርልን

ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የደመወዝ መጠን ሳይጻፍባቸው ስለሚለጠፉ የሥራ ማስታወቂያዎች

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከወረታ ነው። ከከተማችን የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በአንዱ ሒሳብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ልማዱ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ የቤቱን ስም አላነሳም።

የፎገራ ሜዳ ሩዝ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወራት የቀን ሠራተኛው ገና ሳይነጋ መንገድ ዳር ይቆማል። ከደጋ የወረደውም ማጭዱን ይዞ አብሮ ይቆማል። ገበሬው ሲመጣ «በስንት?» ይባላል፤ ዋጋው ሁሉም በሚሰማበት ይቆረጣል። ትናንት ከጉማራ ወንዝ ማዶ ስንት እንደተከፈለ ያልሰማ የለም። ምሳ ይኑር አይኑርም እዚያው ያልቃል። ሩዙ ሊረግፍ ከሆነ ዋጋው ይወጣል፣ ሰው ከበዛ ይወርዳል። ቢታመም ጠያቂ የሌለው ሠራተኛ ነው፤ የጉልበቱን ዋጋ በማወቅ ግን በወር ደመወዝ ከምንተዳደረው ይሻላል።

የመንግሥት ሠራተኛውም ስኬሉን ያውቃል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል አገር ሰምቷል። (ቤት አከራዮችም ሰምተዋል፤ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

ያልለየልን በመካከል ያለነው ነን፤ በመፈልፈያው፣ በመጋዘኑ፣ በሆቴሉ፣ በግል ትምህርት ቤቱ የተቀጠርነው። ማስታወቂያው የትምህርት ደረጃውን፣ ልምዱን፣ ዋሱን፣ ጾታውን ሳይቀር ዘርዝሮ ደመወዝ ላይ ሲደርስ «በስምምነት» ይላል። ቀጣሪው የቀድሞው ሠራተኛ ስንት ይከፈለው እንደነበር ያውቃል፤ አመልካቹ የሚያውቀው የቤት ኪራዩን ብቻ ነው።

የደመወዝ ዕለት ደግሞ ፔሮሉ በካርቶን ይሸፈናል። ከላይና ከታች ያለው ስም ተከድኖ ለአንድ ፊርማ የምትበቃ ክፍተት ትቀራለች፤ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ይፈርማል። ግቢው በር ላይ ሳይደርስ ግን ግምቱ ይጀመራል። «እገሌ የጌታው ዘመድ ነው፣ ለእሱ እጥፍ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው፤ ባለቤቱም ሐሰት መሆኑን ማስረዳት አይችልም፣ ካርቶኑን ያስቀመጠው ራሱ ነውና።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ እንዲይዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም እንዲያሳየውና እንዲያስረዳው ያስገድዳል። ሳይቃወም ቢፈርም እንኳ ቀሪ መብቱን እንደተወ አይቆጠርም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 ለሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ይላል። ሩዝ የምታበጥረው ሴት አጠገቧ የሚሠራው ወንድ ስንት እንደሚያገኝ ካላወቀች ይህን መብት በምን ትጠይቀዋለች?

አሠሪዎች «ቅናት ያመጣል» ይላሉ። ቅናቱስ አሁንም አለ። ከዚያ የሚከብደውን እኔው ልናገር፦ እገታ በሚፈራበት በዚህ ጊዜ የማን ገቢ ስንት እንደሆነ መለጠፍ አደጋ አለው። ስለዚህ ስም ያለበት ዝርዝር አልጠየቅሁም፤ የሥራ መደቡና መነሻ ደመወዙ ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አመልካቹ ስለ ደመወዝ ከመደራደሩ በፊት መነሻውን ይወቅ፣ ሠራተኛም ደመወዙን ለባልደረባው እንዳይናገር አይከልከል ይላል።

ክቡር ኃላፊ፣ ሥራ ፈላጊውን የሚመዘግቡትና ከቀጣሪ ጋር የሚያገናኙት የእናንተው ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። የብር መጠን ያልተጻፈበትን ማስታወቂያ እንዳይቀበሉና እንዳይለጥፉ አንድ ሰርኩላር ይጻፉልን። ተቆጣጣሪዎችም ወደ መፈልፈያ ቤት ሲገቡ ማሽኑን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ መዝገቡን ይጠይቁ፣ ሠራተኛውንም ካለቃው ለይተው ያነጋግሩ።

በኅዳር የሩዝ አጨዳው ሲጀመር መፈልፈያዎቹ ሰው ይቀጥራሉ። ሰርኩላሩ ከዚያ በፊት ወረታ እንዲደርስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የወረታ ነዋሪ