ጀማሪ በገዛ እጁ የማይሠራው ጎማ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 በለንደን ኦልድ ስትሪት አካባቢ መንገድ ታቋርጥ የነበረች የሁለት ልጆች እናት በአንድ ወጣት ብስክሌተኛ ተገጭታ ሕይወቷ አለፈ። ብስክሌቱ ለቬሎድሮም (የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ) ውድድር የተሠራ፣ ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ የሚዞር «ፊክሲ» ነበር፤ የፊት ፍሬን ግን አልነበረውም። ወጣቱ በ2017 ከግድያ ክስ ነጻ ቢባልም፣ በ1861 በወጣ ሕግ ጥፋተኛ ሆኖ 18 ወር ተፈረደበት።

ያ ብስክሌት ቢያንስ የፋብሪካ ሥራ ነበር። አሮጌ ባለማርሽ ብስክሌት ገዝቶ ጓዳ ውስጥ ፊክሲ የሚያደርግ ጀማሪ ግን ሌላ አደጋ ይጨምርበታል።

ፊክሲ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ፔዳሉን ወደኋላ በመግፋት ነው። ይህ ግፊት የኋላውን ጥርሳም ማርሽ ሊፈታው ይታገላል። ለዚህ ሲባል የተሠራ የጎማ እምብርት ሁለት ዓይነት የብሎን ጥርስ አለው፤ ማርሹ ወደ ቀኝ ሲጠብቅ፣ ከላዩ የሚታሰረው ቀለበት ወደ ግራ ይጠብቃል። ማርሹ ልፈታ ሲል ቀለበቱ ይብስ ያስረዋል።

የአሮጌው ብስክሌት እምብርት ይህ የግራ ጥርስ የለውም። ወጥመዱ ያለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ የቀኙ ጥርስ መጠን አንድ ስለሆነ ማርሹ ያለምንም ችግር ይገባል፣ ሥራው ያለቀም ይመስላል። ከዚያ ከፔዳሉ ዘንግ የተወሰደ ቀለበት ይታሰርበታል፣ ማጣበቂያም ይቀባል። ቀለበቱ የሚፈታው ግን ማርሹ በሚፈታበት አቅጣጫ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁለት ፍሬን አስገጥመው በእንዲህ ያለ ጎማ ነድተዋል፤ ጀማሪ ግን በድንጋጤ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደኋላ የሚገፋው፣ መኪና ከፊቱ ድቅን ሲልበት ነው። በዚያች ቅጽበት ማርሹ ከተፈታ ፔዳሉ በባዶ ይዞራል፤ ካቴናው ወልቆ ጎማውን ሊቆልፈውም ይችላል።

ጎማው በትክክል የተሠራ ቢሆን እንኳ የፊት ፍሬን ግዴታ ነው። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማ መሬት የመቆንጠጥ አቅሙ ይቀንሳል፤ በፊት ፍሬን የሚቆም ብስክሌት በኋላ ጎማ ብቻ ከሚቆመው በግማሽ ያህል ርቀት ይቆማል። የብሪታንያ የ1983 ደንብ ፊክሲ የፊት ፍሬን እንዲኖረው ያዛል፤ የበርሊን ፖሊስም በ2009 ፍሬን አልባ ፊክሲዎችን ከመንገድ ላይ ወርሷል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ጣትም ይታሰብ። ጎማው እየዞረ ካቴና የሚያጸዳ ሰው ጣቱ ማርሹ ውስጥ ከገባ፣ ፊክሲ እንደ ሌላው ብስክሌት ወዲያው አይቆምለትም፤ ጣት ሊቆረጥ ይችላል።

በለንደንም ሆነ በዋሽንግተን ፊክሲ ያማረው ወጣት ባለሁለት ጥርስ እምብርት ያለው የተዘጋጀ ጎማ ይግዛ፣ ባለሙያ ይግጠምለት፣ የፊት ፍሬን ሳያስገባ አንድ እርምጃ እንኳ አይንዳ። ወላጆችም ልጃቸው ጓዳ ውስጥ የገጣጠመውን ብስክሌት ወደ መንገድ ከማውጣቱ በፊት የፊት ፍሬኑን እንዲያሳያቸው ይጠይቁት።