የገበያው ነገረ ፈጅ ከየት ይምጣ?

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሐር የሚመለከት ሰው ከሴባስቶፖል መድፍ ምስል ባሻገር የሚያየው የባንክ ፎቅ ነው። በዚህ ሠፈር ቡና ቤቶች የሚሰበሰቡት የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችንም ሐሳባቸው ከዚያው ፎቅ አይርቅም፤ ሲመረቁ ለአንዱ ባንክ ነገረ ፈጅ ለመሆን ነው። አንወቅሳቸውም፤ የቤት ኪራይ ማንንም አይምርም። ዳሩ ግን ባንኮቹን የሚጠይቀው የመንግሥት ነገረ ፈጅ ከየት ይምጣ?

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በብሔራዊ ባንክ ሥር ይካሄድ የነበረው የአክሲዮን ግብይት በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ አብሮ ቀረ። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ከተፈቀደ ወዲህ ሕዝቡ እንደገና አክሲዮን ሲገዛ ኖሯል፤ ነገር ግን የገዛውን የሚሸጥበት የተደራጀ ገበያም ሆነ ለዚሁ ብቻ የቆመ ተቆጣጣሪ አልነበረውም። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1248 ነው። ገበያውም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከባንኮች መካከል ወጋገን ቀድሞ ተመዘገበ።

እንግዲህ የእቁብ ገንዘቧን ይዛ አክሲዮን ለመግዛት የምትመጣ እናት የሂሳብ መግለጫ መርምራ ልትገዛ አትችልም። ስለ እርሷ ሆኖ የሚያነብ፣ የተሸሸገውን ዕዳ የሚያወጣ፣ «ይህ ሐሰት ነው» ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ደመወዙ ከሚመረምረው ኩባንያ ነገረ ፈጅ ደመወዝ እጅግ ካነሰ፣ በስልክ ትእዛዝም ከቦታው የሚነሣ ከሆነ፣ ምን እንጠብቅበታለን? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሠርቶ የሰጠን እንዲህ ያለው ኑሮ ነው።

በ1933 እ.ኤ.አ. ፈርዲናንድ ፔኮራ የተባለ በሲሲሊ የተወለደ ነገረ ፈጅ፣ በወር 255 ዶላር እየተከፈለው፣ በአሜሪካ ሴኔት የባንክ ኮሚቴ ፊት ታላቁን ባለባንክ ጄ. ፒ. ሞርጋንን (ልጅየውን ማለታችን ነው) አቁሞ ለ1931 እና ለ1932 የገቢ ግብር እንዳልከፈለ በገዛ አንደበቱ አናገረው። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በዓመቱም የገበያው ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፔኮራ ከመጀመሪያዎቹ ኮሚሽነሮች አንዱ ሆነ፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው ለዳኝነት ወንበር ትቶት ሄደ። እርሱን የመሰለ ሰው እንኳ ካልቆየ፣ በጀግና ላይ የተመሠረተ ቁጥጥር ዕድሜው ስንት ነው?

ስለዚህ የምንለምነው ጀግና አይደለም። በቂ ደመወዝ፣ ያለ በቂ ምክንያት የማይሻርበት ወንበር፣ በችሎታ የሚገኝ ዕድገት ይሰጠው። ሥራውን ቢለቅም ራሱ በያዘው መዝገብ ለተመርማሪው ወገን እንዳይቆም ይከልከል፤ አለዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለኩባንያዎች ነገረ ፈጅ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው። መምህሮቻችንም ይህን ሕግ ለእያንዳንዱ የሕግ ተማሪ ያስተምሩ፤ የሂሳብ መግለጫ ማንበብንም ጭምር፤ ቁጥር የሚፈራ ነገረ ፈጅ በዚህ ገበያ የሚረታው ክርክር የለምና።