ዛፍ ሥር ቆሞ የሚጮኽ ውሻ

በእኛ አገር ውሻ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የበር ጠባቂውን ነው። ዛሬ ግን በአሜሪካ ደቡብና በአፓላሽያ ተራሮች የሚኖሩ ባላገሮች የዛፍ ሽኮኮ የሚያድኑበትን ውሻ እንዴት እንደሚመርጡና እንደሚያሠለጥኑ ልንጽፍ ወደድን። ሽኮኮ ስንል በገደል የሚኖረውን፥ ኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት እንስሳት የቈጠረውን ማለታችን አይደለም፤ ጭራው ጐፍላ የሆነውን፥ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘለውን ነው እንጂ። ግራጫው ዐይነት ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የቀበሮ ሽኮኮ የሚሉት ቀዩ ግን እስከ አንድ ኪሎ ይደርሳል። ሥጋው በዚያ አገር በወጥ እየተሠራ ይበላል።

የውሻው ሥራ ሽኮኮውን መያዝ አይደለም። አሽትቶ ወይም አይቶ ማግኘት፥ ወደ ዛፍ ማስወጣት፥ ከዚያም ከግንዱ ሥር ቆሞ ጌታው እስኪደርስ ድረስ ሳያቋርጥ መጮኽ ነው። ዱካውን ሲከተል ግን ዝም ማለት ይገባዋል፤ እየሮጠ የሚጮኽ ውሻ ሽኮኮውን አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋልና። እኛ በፍርድ ቤት ሥራ እንደ ለመድነው ስንናገር ውሻው ምስክር ነው፤ ያገኘውን ይመሰክራል፥ ያላገኘውን ዝም ይላል።

ለዚህ ሥራ በአሜሪካ የታወቁት ዐይነቶች ሁለት ናቸው። ፋይስት የሚባለው ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናል። አብርሃም ሊንከን ስለ ድብ አደን በጻፈው ግጥም ውስጥ እንኳ ስሙ ተነሥቷል። ማውንቴን ከር የሚባለው ከእርሱ ተለቅ ያለ ነው። በሰሜንም አገር ይህ አደን ጥንታዊ ነው፤ የፊንላንድ ሰዎች በ1979 (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ብሔራዊ ውሻቸው ያደረጉት ቀዩ ውሻ ቀድሞ ለሽኮኮ አደን ያገለግል ነበር። በመስኮብ አገርም ስለ ጠጕሩ ሽኮኮ የሚያድኑባቸው ውሾች ላይካ ይባላሉ፤ ትርጓሜው ጯኺ ማለት ነው። በ1957 ወደ ጠፈር የተላከችው የሞስኮ የመንገድ ውሻ በዚሁ ስም ተጠርታለች።

ቡችላ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አባቱንና እናቱን በጫካ ሲሠሩ ማየት አለበት። ይህን ለማሳየት የማይወድ ሻጭ ቢያጋጥም ገንዘብን ይዞ መመለስ ይሻላል። የዘር ወረቀት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ወረቀት ዛፍ ሥር ቆሞ አይጮኽም። ከቡችሎቹም መካከል ሁለት ወር የሞላውን፥ ደፋርና ጠያቂ የሆነውን፥ ሳህን ቢወድቅ ደንግጦ ከመሸሽ ይልቅ ምን እንደ ሆነ ለማየት የሚቀርበውን መምረጥ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ቀላል ነው፤ ስሙን ይወቅ፥ ሲጠሩት ይምጣ፥ ዶሮና በግ አይንካ። በዚህ ጊዜ ልጆች ከማንም ይልቅ ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው። የደረቀ የሽኮኮ ጭራ በገመድ ታስሮ በሣር ላይ ይጐተትና ወደ ዛፍ ይሰቀላል፤ ቡችላው ቀና ብሎ ሲጮኽ «አበጀህ!» ይባላል። ይህ ጨዋታ ግን አይብዛ። ሲደጋገም ቡችላው ይሰለቻል፤ ወይም በዓይኑ ብቻ እየታመነ አፍንጫውን ይዘነጋል።

ብዙ ሰው ውሻውን የሚያበላሸው በጠመንጃ ድምፅ ነው። ቡችላውን ወደ ጫካ ወስዶ፥ ገና ምንም ሳያውቅ፥ በራሱ ላይ ጠመንጃ የሚተኵስ ጌታ የአንድ ዓመት ድካሙን ባንድ ጥይት ያጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ውሻው ጠመንጃ ባየ ቍጥር ጭራውን በእግሩ መካከል ከትቶ ወደ ቤት ይሮጣል። ይህን ፍርሃት ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው፤ ጥፋቱም የውሻው አይደለም። ስለዚህ ቡችላው እየበላ ሳለ አንድ ሰው በሩቅ ሆኖ ቀላል ድምፅ ያሰማ፤ ከመብሉ ቀና ሳይል ቢቀር በሌላ ቀን ጥቂት ይቅረብ። ከደነገጠ ግን ወደ ኋላ ርቆ እንደ ገና መጀመር ነው። ሳምንታት ቢፈጅ አያስቈጭም።

ወደ ጫካ መውጫው ጊዜ ቅጠል ከረገፈ በኋላ ነው፤ የአደኑንም ወራት በየግዛቱ ሕግ ይወስነዋል። ነፋስ የሌለበት የብርድ ጧት፥ የባሉጥ ፍሬ የበዛበት ጫካ ይመረጣል። ወጣቱን ውሻ ሁልጊዜ ከሽማግሌ ውሻ ጋራ ማውጣት አይበጅም፤ ከኋላ ተከትሎ የሚጮኽ ብቻ ይሆናል። ብቻውን ይሂድ፥ ይሳሳትም።

ውሻው ሲጮኽ አንዱ ሰው ከግንዱ በዚህ በኩል ጸጥ ብሎ ይቆማል፥ ሁለተኛው ዞሮ በዚያ በኩል ይሄዳል፤ ሽኮኮ ከሚንቀሳቀሰው ሰው እየተሸሸገ ወደ ቆመው ይዞራልና። ወደ ላይ የተተኰሰ የ22 ካሊብር ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ስለሚችል፥ ከሽኮኮው ጀርባ ወፍራም ግንድ ካልኖረ በቀር አይተኰስ፤ ልጆች አብረው ካሉም ከጌታው ኋላ ይቁሙ። ሽኮኮው ሲወድቅ ውሻው ጥቂት ጊዜ በአፉ ይያዘው፥ ከዚያም በእርጋታ ይወሰድበት።

በዛፉ ላይ ምንም ባይገኝስ? ሽኮኮው በግንዱ ዋሻ ገብቶ ሊሆን ይችላልና ጌታው ውሻውን በሐሰተኛ ምስክርነት አይክሰሰው፤ አይምታውም። ሳያመሰግንም ሳይቈጣም በማሰሪያው ይዞ ወደ ሌላ ዛፍ ይውሰደው።