ባጃጅ የማን ስም ነው?

አሰላ ላይ «ባጃጅ ጥራ» የተባለ ሰው የፋብሪካውን ምልክት አይመረምርም። ሌላ ኩባንያ የሠራውም ቢሆን፣ ባለ ሦስት እግር ከሆነ ባጃጅ ነው። ቃሉ ግን የሕንድ ኩባንያ ስም፣ ከዚያም በፊት የመሥራቹ ቤተሰብ ስም ነው። ሃይላንድም የአንድ የታሸገ ውሃ መጠሪያ ነበር፤ ትርጉሙ «ደጋ» ነውና ለአርሲ ባልከፋ! ዛሬ ግን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ይባላል።

እንግዲህ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለውን ቃል እንዴት ይጻፈው? እንግሊዝኛ ክርክሩን ለፊደል ይተወዋል፤ ትልቅ ፊደል የባለቤት ስም፣ ትንሽ ፊደል የሕዝብ ቃል ነው። ያም ሆኖ ስምምነት የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. «ጉግል» የሚለው ግሥ ሲመዘገብ ኦክስፎርድ በትልቅ፣ ሜሪያም ዌብስተር በትንሽ ፊደል ጀመሩት።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ይህ ጉድለት አይመስለንም፤ የእኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከፊደል ጀርባ መሸሸግ አይችልምና «ከኩባንያ ስም የመጣ፤ ማንኛውም ባለ ሦስት እግር ታክሲ» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት።

አሰላ ውስጥ ግን ጥያቄው አያመልጠንም። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋልና፣ ያው ቃል እዚያ ፊደል ይመረጥለታል። በእኛ አስተያየት ትንሹ ይገባዋል። የኩባንያውን የመነገድ መብት በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ይጠብቅለት፤ የቃሉን ፍቺ የሚወስነው ግን ተናጋሪው ነው። መዝገበ ቃላት የተናጋሪውን ቃል ካልመዘገበ የማን መዝገብ ሊባል ነው?